ምስጢር የሚይዝ ክፍል በሶዶ ከተማ

ልብስ ሰፊ ክፍል ሲከራይ ብርሃኑን ይመለከታል፤ ባለሻይ ቤቱ የመንገደኛውን ብዛት ይቈጥራል፤ ጠበቃው ለፍርድ ቤት ቅርብ መሆኑን ይጠይቃል። ሁሉም እንደየሥራቸው ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከነዚህ የተለየ ተከራይ በየከተማችን ብቅ ማለት ጀምሯል፤ እርሱም በግሉ የሚሠራ የሥነ ልቡና አማካሪ ነው። ይህ ሰው መርፌ አይወጋም፤ መድኃኒት አያዝም፤ የደም መመርመሪያ መሣሪያም የለውም። ሥራው ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያደርጉት ንግግር ነው። ስለዚህ የሚከራየው ክፍል ለእርሱ መጠለያ ብቻ ሳይሆን ዋና መሣሪያው ነው፤ ሐኪም የልብ ማዳመጫውን መርጦ እንደሚገዛ ሁሉ እርሱም ክፍሉን መርጦ መከራየት ይገባዋል።

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሳውላ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመባት፤ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። ክልል ሲመጣ ቢሮ ይመጣል፤ ቢሮ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፤ ሁለቱም ቤት ይፈልጋሉ። እንግዲህ በዚህች ከተማ የሥነ ልቡና ትምህርቱን ጨርሶ በግሉ ለመሥራት የቈረጠ አንድ ወጣት ክፍል ሲፈልግ ከባንኩ፣ ከመድኃኒት መደብሩና ከሞባይል ሱቁ ጋራ መሻማቱ ነው። በዚህ ሽሚያ መካከል የተገኘውን ሁሉ ይዞ ለመጀመር መቸኰል ይመጣል። ጉዳቱ ግን ከተከራዩ ይልቅ በሌላ ሰው ላይ ይወድቃል።

ለምሳሌ ያህል ከቦዲቲ የመጣች አንዲት መምህርት እንበል። እንቅልፍ ካጣች ሦስት ወር ሆኗታል። በቦዲቲ የሚያውቃት ሰው ስለሚበዛ፣ የማያውቃት ሰው ፍለጋ በሚኒባስ ሶዶ ድረስ መጥታለች። አማካሪው በደኅና አቀባበል ተቀብሏት፣ ወንበር ስቦላት፣ ነገሩን ከየት እንደምትጀምር ስታስብ ከቈየች በኋላ፣ «ባለቤቴ…» ብላ ስትጀምር ከግድግዳው ወዲያ ያለ ሰው ይስላል። የእርሱ ሳል ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ የእርሷም ድምፅ ለእርሱ እንዲሁ ቅርብ መሆኑን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልጋትም። ወዲያው ነገሩን ወደ ራስ ምታት ትለውጠዋለች፤ አመስግና ትወጣለች፤ ዳግመኛም አትመለስም። አማካሪው ደግሞ ምናልባት «የእኛ አገር ሰው ምስጢሩን አይናገርም» ብሎ ይደመድም ይሆናል። ጥፋቱ የአገሩ ሰው ሳይሆን የችፑዱ ግድግዳ መሆኑን ማን ይነግረዋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። የአእምሮ ሐኪም የሚባለው ሕክምና ተምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነው፤ የሥነ ልቡና አማካሪ ግን በንግግርና በምክር የሚረዳ ባለሙያ ነው። በአገራችን ሁለቱም ሥራዎች ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ ተወስነው ኖረዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ስለ ነበረ፣ ከወላይታም ከጎጃምም የታመመ ሰው ዘመዶቹ አጅበውት የሚሄደው ወደዚያው ነበር። ከሶዶ በሆሳዕና በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ በመንገድ ላይ የምትገኘው ቡታጅራ ደግሞ በዚህ ረገድ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች በዚያ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞሩ ጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካገኙባቸው ሰዎች የሚበዙት አንድም ቀን ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ መሆናቸውን ተረድተዋል።

(ተማሪዎች በስም እንዳይሳሳቱ አንድ ማሳሰቢያ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ ስለ ተካሄደው የአእምሮ ጤና ጥናት በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ «ሶዶ» የሚል ስም በብዛት ይገኛል። ያ ሶዶ የጉራጌው የሶዶ ወረዳ ነው እንጂ የወላይታዋ ሶዶ አይደለችም።)

በክልሉ ውስጥ የምክር አገልግሎት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አይገባም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ጎረቤቶች ራሳቸው በሌላ ናዳ ተውጠዋል። ከዚያ የተረፈ ሰው እህልና ድንኳን ካገኘ በኋላም የሚቀርበት ነገር አለ። ከእንዲህ ያለው ታላቅ ኀዘን ሌላ ደግሞ የየቀኑ አለ፤ ፈተና የወደቀ ተማሪ፣ አዲስ ሹመት ያስጨነቀው ወጣት ሠራተኛ፣ ልጇ ወደ ከተማ ሄዶ የጠፋባት እናት፣ ከመጠጥ መላቀቅ ያቃተው አባወራ። እነዚህ ሁሉ በአንድ በር ገብተው በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ናቸው።

ስለዚህ ወደ ክፍሉ እንመለስ። ወጣቱ ባለሙያ ክፍል ሲያይ ዓይኑ ቀድሞ ወደ ቀለሙ፣ ወደ ወለሉ ንጣፍና ወደ መስኮቱ መጋረጃ ይሄዳል። እኛ ግን በጆሮው እንዲያይ እንመክረዋለን። በከተሞቻችን ለኪራይ የሚቀርበው ክፍል በአብዛኛው ወይ በግቢ ውስጥ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ ወይ በመንገድ ዳር በተርታ የተሠራ የብሎኬት ክፍል ነው፤ ወይም በአዲስ ፎቅ ላይ በመስታወት፣ በአልሙኒየምና በችፑድ ተከፋፍሎ የተሰናዳ ቢሮ ነው። ለዓይን የመጨረሻው ያምራል፤ ኪራዩም የሚወደደው የእርሱ ነው። ለጆሮ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ድምፅን የሚያግደው የግድግዳ ክብደት ስለ ሆነ፣ በደንብ የተመረገ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከቀጭን ችፑድ እጅግ ይበልጣል። መስታወቱማ ከነጭራሹ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም፤ ድምፅ ያሳልፋል፤ ሰውም ያሳያል።

ዳሩ ግን ወፍራም ግድግዳ አገኘሁ ብሎ መደሰት አይገባም። ቀና ብሎ ኮርኒሱን መመልከት ያስፈልጋል። በተርታ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ብቻ ደርሶ ይቆማል፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ግን ከአንደኛው ክፍል እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ክፍት ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የሚነገረው ቃል በችፑዱ ወይም በማዳበሪያ ጆንያው ኮርኒስ አልፎ፣ በጣራው ሥር ተጉዞ፣ በሦስተኛው ክፍል ያለችውን ልብስ ሰፊ ያገኛታል። የበሩ ሥርም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ካለ ግድግዳው ድንጋይ ቢሆን ጥቅም የለውም። መጋረጃና ምንጣፍ ማብዛት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። እነዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለውን የገደል ማሚቶ ያለዝባሉ እንጂ ወደ ጎረቤት የሚያልፈውን ድምፅ ብዙም አያግዱም።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ክፍሉን ለማየት ሲሄድ አንድ ጓደኛ ይዞ ይሂድ። ጓደኛው በውስጥ ተቀምጦ በተለመደው የንግግር ድምፅ ጋዜጣ ያንብብ፤ ተከራዩ በሩን ዘግቶ በኮሪደሩ፣ በመስኮቱ ሥርና ጎረቤቱ ፈቃደኛ ከሆነ በጎረቤቱም ክፍል ውስጥ ቆሞ ያዳምጥ። ድምፅ መሰማቱ ብቻውን ክፉ አይደለም። ቃሉ ተለይቶ ከተሰማ ግን ክፍሉ ይቅር። ደግሞም ሰው ሁልጊዜ በተለመደ ድምፅ አይናገርም፤ የሚያለቅስ አለ፤ የሚቈጣም አለ፤ ስለዚህ ጓደኛው ጥቂት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ያንብብ። ጥቂት የሚያሾልክ ክፍል ሲሆን በመጠበቂያው ቦታ ላይ ሬዲዮ በለሆሳስ መክፈት ብዙ ይረዳል፤ የውጭው ሬዲዮ የውስጡን ቃል ይሸፍነዋልና።

የሶዶ ሰው ዝናብ ያውቃል። በበልግም በክረምትም ይዘንባል፤ ሲዘንብ ደግሞ ኮርኒስ በሌለው የቈርቈሮ ጣራ ሥር የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ለመደማመጥ መጮኽ አለባቸው። ምስጢሩን እየጮኸ የሚናገር ሰው የት ይገኛል? ብዙዎች ክፍል የሚያዩት በደረቅ ቀን ጧት በመሆኑ ይህን የሚረዱት ውል ከፈረሙ በኋላ ነው። ከፎቅ ቤት የሚከራይ ሰው ከላዩ ሌላ ወለል ያለበትን ክፍል ቢመርጥ ከዝናቡ ጩኸት ይድናል፤ በላዩ ላይ የሚኖረው ጎረቤት ግን ወንበር የሚጎትት ምግብ ቤት አለመሆኑን ይጠይቅ። ባለ ቈርቈሮውን የሚከራይ ደግሞ ከተቻለ በዝናብ ሰዓት ሄዶ ቢያየው ጥሩ ነው። ከወፍጮ ቤት፣ ከእንጨት ሥራ ቤት፣ ከጎማ ጠጋኝ፣ ከሙዚቃ መሸጫና ከባጃጅ መቆሚያ አጠገብ መሆኑንም በገበያ ቀን እንጂ በእሑድ ጧት አይመርምር።

ከጆሮ ቀጥሎ የዓይን ነገር ይመጣል። በሶዶ ሰው ከሰው ይተዋወቃል። «እከሌ የአእምሮ ነገር ታየ» የሚለው ወሬ አንዴ ከተነሣ በሰርግ ሽምግልና ላይ፣ በሥራ እድገት ላይ፣ በዕድርም ውስጥ ሳይቀር ይከተላል። ይህን ፍርሃት መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርሃቱ እስካለ ድረስ በሩ ለሚፈራው ሰው መሠራት አለበት። ስለዚህ በዋናው አስፋልት ላይ፣ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ፊት ለፊት፣ በትልቅ ቀይ ፊደል «የአእምሮና የሥነ ልቡና ማዕከል» የሚል ሰሌዳ ያለበት ክፍል፣ ለማስታወቂያ የሚያስቀና ሲሆን ለሥራው ግን አስቸጋሪ ነው። በበረንዳው ላይ ማኪያቶ የሚጠጡት ዐሥር ሰዎች ሳይፈልጉ ምስክሮች ይሆናሉ።

እኛ እንደሚመስለን ከሁሉ የሚሻለው ብዙ ዓይነት ሥራ ያለበት ሕንጻ ወይም ግቢ ነው። የጥርስ ሐኪም፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ የጽሕፈት አገልግሎት፣ የቋንቋ ማስተማሪያ ባለበት ደረጃ ላይ የሚወጣን ሰው ማንም «ወዴት?» አይለውም፤ ቢለውም መልስ አያጣም። ሰሌዳውም ትንሽ ይሁን፤ የባለሙያው ስምና «የምክር አገልግሎት» የሚለው ቃል ይበቃል። በከተሞቻችን የቤት ቍጥር ብዙም ስለማይሠራበት ሰው አድራሻ የሚናገረው በምልክት ነው። እንግዲህ ደንበኛው ለባጃጅ ነጂው ሲነግር የአማካሪውን ቤት ሳይጠራ «ከእገሌ ባንክ ጎን» ብሎ ሊወርድበት የሚችል ቦታ መሆኑ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ነው።

መግቢያና መውጫው ሁለት ቢሆን እንዴት ባማረ! በአንዱ የገባው በሌላው ቢወጣ፣ የሚወጣው ሹም ከሚገባው የበታቹ ጋራ አይጋጠምም። ይህ የእኛ አገር ሰው ዓይን አፋርነት ያመጣው ሐሳብ እንዳይመስል። ስመ ጥሩው ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. ከ1891 እስከ 1938 በቪየና ከተማ፣ በበርግጋሰ መንገድ፣ በቍጥር 19 ኖሮ ሠርቷል። ቤቱ ታላቅ ሆስፒታል አልነበረም፤ ሰዎች የሚኖሩበት ተራ የኪራይ ሕንጻ ነበር፤ ከታች ሥጋ ቤት ነበረበት። ታካሚዎቹ ግን ሲወጡ በመጠበቂያው ክፍል ያለውን ቀጣይ ሰው ሳያዩት የሚያልፉበት የማይታወቅ በር ተሰናድቶላቸው ነበር። በሥጋ ቤት ላይ መከራየት እንዳላዋረደው ከዚህ ይታወቃል። እርግጥ በሶዶ ከቍርጥ ቤት በላይ የሚከራይ ሰው የቅዳሜን ከሰዓት ጫጫታ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ሁለት በር ያለው ክፍል የማይገኝ ሲሆን በጊዜ ይተካል። አንዱ ከወጣ በኋላ ሌላው እስኪገባ ሩብ ሰዓት መተው ነው። በዚህች ሩብ ሰዓት አማካሪው ማስታወሻውን ይጽፋል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ሁለቱ ደንበኞችም አይተያዩም። ኪሳራው በቀን አንድ ደንበኛ ማነስ ነው።

እዚህ ላይ ከአንባቢዎች አንዱ «እንዲህ መደበቅ ራሱ ኀፍረቱን አያባብሰውምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ ከዚምባብዌ የሚጠቀስ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በሐራሬ ከተማ ድሆች በሚኖሩበት ሰፈር የምክር ሥራ ለመጀመር ሲነሡ፣ በጤና ጣቢያው ውስጥ የሚሰጣቸው ክፍል አልነበረም። ስለዚህ በግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር አኖሩ፤ አማካሪዎቹም ሠልጥነው የተሰማሩ የሰፈሩ አሮጊቶች ነበሩ። በመጀመሪያ ስሙ «የአእምሮ ጤና አግዳሚ» ሲባል ሰው አልቀረበውም፤ አሮጊቶቹ «የወዳጅነት አግዳሚ» ይባል ቢሉ ሰው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን በ24 ጤና ጣቢያዎች ተከታትሎ፣ በአግዳሚው ላይ የተመከሩት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ እጅግ ተሽሏቸው እንደ ነበረ አሳይቷል።

ታዲያ ይህ የክፍልን አስፈላጊነት ያፈርሳልን? እኛ አይመስለንም። ነገሩን በቅርብ ለተመለከተው የሐራሬው አግዳሚ ከላይ የጻፍነውን ሁሉ ያሟላል። በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ስለ ሆነ ለወባም ለክትባትም ከመጣው ሕዝብ ጋራ ተደባልቆ መግባት ይቻላል። ከሰው ጆሮ ስለ ራቀ ቃሉ በሁለቱ መካከል ይቀራል። ስሙም አያስፈራም። ግድግዳ የሌለው ጥሩ ክፍል ነው ማለት ይቻላል። በወላይታም ሰው ከቤት ውጭ ተቀምጦ መነጋገርን ያውቃል፤ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ዱቡሻ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዱቡሻ ሁሉ እንዲሰማው የሚገባው ጉዳይ የሚታይበት አደባባይ ነው፤ ዕርቅ ምስክር ይፈልጋልና። የእኛይቱ መምህርት ጉዳይ ግን ምስክር አይፈልግም። ሰፊ ግቢና ጥላ ያለው ዛፍ ያለበት ቤት የተከራየ አማካሪ ግን፣ በደረቅ ወራት ወንበሩን አውጥቶ ከዛፉ ሥር ቢያደርግ ደንበኛው ከአንዳንድ ቢሮ ይልቅ ይፈታ ይሆናል።

የራሱን መኖሪያ ቤት ሳሎን ለሥራው የሚያደርግ አለ። ኪራይ ያተርፋል፤ ነገር ግን ልጅ ይገባል፤ ጎረቤት ቡና ጠጡ ብላ ትጣራለች፤ ደንበኛውም የአማካሪውን የቤት ዕቃና የሠርግ ፎቶግራፍ እያየ ስለ ራሱ ትዳር መፍረስ ለመናገር ይቸገራል። ቤተ ዘመድ ያበደረው ክፍልም በነጻ ይምሰል እንጂ ዋጋ አለው፤ ዘመድ «ዛሬ ማን መጣ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ያለው ይመስለዋል። ከሕዝቡ አፍ «ኦቶና» ከሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አጠገብ መከራየትስ? ለባሰ ሕመም ወደ ሐኪም ለመላክ ቅርብ መሆኑ ይጠቅማል። ከሆስፒታል በር ፊት ለፊት ግን ከየወረዳው የመጣ የሚተዋወቅ ሰው ሁሉ ስለሚቆም ጥቂት ራቅ ማለት ይበጃል።

ከከተማ ውጭ የሚመጣውን ሰው ማሰብም ተገቢ ነው። ከአረካ፣ ከገሱባ፣ ከጠበላ የሚመጣ ደንበኛ ቀኑ ሳይመሽ መመለስ ስላለበት፣ ክፍሉ ከመናኸሪያው ብዙ ባይርቅ ይሻላል። ከገጠር የመጣ ሰው ኀዘኑን በወላይትኛ እንጂ በአማርኛ መናገር አይሆንለት ይሆናል። አማካሪው ቋንቋውን የማይችል ከሆነ አስተርጓሚ ይገባል፤ ስለዚህ ክፍሉ ሦስተኛ ወንበር የሚይዝ ይሁን፤ አስተርጓሚውም የደንበኛው ዘመድ አይሁን። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ያህል ክፍል ለዚህ ሁሉ ይበቃል። ከዚያ የሚበልጥ አዳራሽ ሰውን ያሳንሳል፤ ከዚያ የሚያንስ ደግሞ ጉልበት ለጉልበት ያጋጫል። ወንበሮቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ። አማካሪው ከትልቅ ጠረጴዛ ጀርባ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጦ ደንበኛውን በዱካ ማስቀመጥ፣ ክፍሉን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ያስመስለዋል፤ ሰውም በጽሕፈት ቤት የሚናገረውን ብቻ ይናገራል።

ስለ ደኅንነት አለመጻፍ ግን አይቻልም፤ ይልቁንም ከዩኒቨርሲቲ ከሚወጡት ባለሙያዎች መካከል ወጣት ሴቶች ስላሉ። ምስጢር ይጠበቅ ብሎ ሰው በማይደርስበት የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ከማታውቀው ሰው ጋራ የምትቀመጥ አማካሪ ራሷን ለአደጋ ታጋልጣለች። ቃል የማይሰማበት፣ ጩኸት ግን የሚሰማበት ቦታ ነው የሚፈለገው። የጎረቤት ቢሮ በሥራ ሰዓት ሰው የሚገኝበት ይሁን፤ የአማካሪዋ ወንበር ለበሩ ይቅረብ፤ በሩም ያለ ቍልፍ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። መብራት ሲጠፋ ጨለማ የሚውጠውን መስኮት አልባ ክፍልም አንመክርም። መስኮት ያስፈልጋል፤ ግን ከሰው ቁመት ከፍ ያለ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ ቢሆን። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው እንዳለም አይዘንጋ። ካለቀሱ በኋላ ፊት የሚታጠቡበት ውሃ ቅርብ መሆኑን ደግሞ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ገንዘቡን በሚመለከት የዛሬን ዋጋ መጻፍ ነገ ያስዋሻል፤ ሒሳቡን ግን በምሳሌ ማሳየት ይቻላል። አንድ ክፍል በወር 6,000 ብር ቢሆንና አማካሪው በቀን ሦስት ሰው፣ በወር 20 ቀን ቢያይ፣ በጠቅላላው 60 ጊዜ ይሆናል፤ ከያንዳንዱ ደንበኛ ክፍያ 100 ብር ለኪራይ ይሄዳል ማለት ነው። ነገር ግን ጀማሪ በቀን ሦስት ሰው አያገኝም። በቀን አንድ ሰው ብቻ ከመጣለት ኪራዩ በያንዳንዱ ላይ 300 ብር ይሆናል፤ ይህን ሊከፍል የሚችል ተማሪ ወይም ጀማሪ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት አንድን ክፍል ለሁለት ወይም ለሦስት ባለሙያዎች በቀን ተከፋፍሎ መያዝ ብልህነት ነው። አንዱ ሰኞና ረቡዕ፣ ሌላው ማክሰኞና ሐሙስ ቢሠራ ክፍሉ ጦሙን አያድርም። ጠንቁ አንድ ብቻ ነው፤ ማስታወሻና መዝገብ የሚቀመጥበት ሣጥን ለየራሳቸው ቍልፍ ያለው መሆን አለበት።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን የሰው ምስጢር የሚያወጡትን በአንቀጽ 399 ይቀጣል። ሕጉ የሚቀጣው ግን የሚያወራውን አፍ ነው እንጂ የሚያሾልከውን ግድግዳ አይደለም፤ ግድግዳውን የሚቈጣጠረው ተከራዩ ራሱ ነው።

ወደ ውሉ ስንደርስ ወጣቱ ባለሙያ አንድ ነገር እንዳያሳስተው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት ነው። ለሥራ የሚከራይ ክፍል የሚመራው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና ተዋዋዮቹ በጽሑፍ በተስማሙት ቃል ነው። ስለዚህ በውሉ ያልተጻፈውን «አከራዬ ደግ ሰው ናቸው» ብሎ መተው አያዋጣም። ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ሰጪው የጤና መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያለው አገልግሎት ስለ ክፍሉ ምን እንደሚጠይቅ ሄዶ ይጠይቅ፤ ሦስት ወር ኪራይ ከከፈሉ በኋላ «ክፍሉ አያሟላም» መባል ያሳዝናል።

አከራዩም መጠየቃቸው አይቀርም። «ልጄ፣ ምን ሊሠራበት ነው? ዕብድ እዚህ ልታመጣብኝ ነው እንዴ?» ቢሉ መቈጣት አይገባም። የሚመጡት ሰዎች በእግራቸው መጥተው፣ አንድ ሰዓት ያህል ተነጋግረው፣ በእግራቸው የሚሄዱ መሆናቸውን በትሕትና ማስረዳት ነው፤ ይህንም ከመፈራረም በፊት ግልጽ ማድረግ ይሻላል፤ ደብቆ የገባ ተከራይ በሁለተኛው ወር ውጣ ይባላልና። ከተስማሙ በኋላ ኮርኒሱን የሚያስጠግነው ማን እንደ ሆነ፣ የጎን ክፍል ሲለቀቅ ለሙዚቃ ቤት ወይም ለእንጨት ሥራ እንዳይከራይ፣ አከራዩም ሆነ ዘበኛው በሥራ ሰዓት ሳያንኳኩ እንዳይገቡ በውሉ ይጻፍ። ከቀድሞ ተከራዮች ዘንድ የቀረ ቍልፍ ሊኖር ስለሚችል ጋኑ በአዲስ ይለወጥ፤ ለአከራዩ ሁለተኛ ቍልፍ መስጠት ግዴታ ከሆነም በታሸገ ፖስታ ውስጥ ሆኖ፣ ፖስታው በምን ምክንያት እንደሚከፈት በውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር።